የግሬታ ካፖርት

ባለፈው ሰሞን ለብርድ ልብስ የሚሆን ናፍታሊን ልገዛ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የካርቶኑን ክዳን ከፈት ሲያደርገው ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ሳላስበው አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። "ምነው እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። አላመመኝም። ባንዴ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ሌላው ሰው ያን ሽታ የብል መድኃኒት ይለዋል፤ እኔ የማውቀው የቅናት ሽታ መሆኑን ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነበር። ጣሊያን ከወጣ ዐሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ማኪና ሲያልፍ ግን የሠፈሩ ልጅ ገና ከኋላ ይሮጣል። እናቴ ከዳባት አምጥታ "ፊደል ትቁጠርልኝ" ብላ ለታላቅ እህቷ ለእትዬ በላይነሽ ሰጠችኝ። እትዬ በላይነሽ ጌሾና ብቅል የምትሸጥ፣ ሁለት ባል ፈትታ ሦስተኛውን ያልፈለገች፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት ነበረች። አውቶ ፓርኮ ሠፈር ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ቤት ነበራት። ከግቢው ጥግ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ሐኪም ቤት የምትሠራ ፈረንጅ አዋላጅ ናት። ሲስተር ኤልሳ እንላታለን።

ሲስተር ኤልሳ ለእኔ ብቻ የተላከች ነበር የሚመስለኝ። ከሥራ ስትመለስ ገና የግቢውን በር እንደገፋች "ጥሩዬ የት አለች?" ትላለች። ዳባት ቤታችን ሰባት ልጆች ነበርን፤ ጥሩዬ የት አለች ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እግሯ ሥር አስቀምጣ ሹራብ መሥራት ታስተምረኛለች። ፀጉሬን ቅባት ቀብታ ታበጥርልኛለች። አማርኛው ሲጠፋባት ዞር ብላ እኔን ታያለች፣ እኔ እሞላላታለሁ። ሐኪም ቤት የምታዋልዳቸውን ሕፃናት አንድ በአንድ እጠላቸው ነበር። "ዛሬ አንዲት ሸጋ ልጅ ተወለደች" ካለች በዚያ ቀን እራት አልበላም።

"ይቺ ልጅ በተወለደው ሁሉ ልትቀና ነው" ትላለች እትዬ በላይነሽ። "ታዲያ የጎንደርን ሴት ሁሉ መካን ያድርግልሽ?"

ቢያደርግልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ክረምቱን የሻገተ ልብሱን ያሰጣል። ሲስተር ኤልሳም ካልጋዋ ሥር አንድ ቡናማ ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ስትከፍተው ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። ከነጫጮቹ የናፍታሊን ፍሬዎች መካከል አንድ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት አነሣች፤ ኮሌታው ጠጉር፣ ገበሩ ሐር። ገመዱ ላይ ሰቀለችው፤ እጅጌዎቹን አቃናች፤ አቧራ የሌለበትን ትከሻ ደጋግማ አራገፈች። ልሞክረው ብዬ አንዱን እጅጌ ስስብ እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችኝም።

"ይሄ የሰው ነው" አለች።

"የማን?"

"የግሬታ።"

ስሙን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከሻንጣው ኪስ አንድ ፎቶግራፍ አውጥታ አሳየችን። ሱሪ የታጠቀ፣ ፀጉሩ አጭር የሆነ ሰው ባንድ ጎኑ ይታያል። እትዬ በላይነሽ ፎቶውን ራቅ አድርጋ አየችና "ባልሽ ነው? ሸጋ ነው፣ ጢም አጣ እንጂ" አለች። ሲስተር ኤልሳ ሳቀች። ሳቋ ረዘመ፤ ረዝሞ ረዝሞ ዓይኗን በመዳፏ አስጠረጋት።

"ሴት ናት" አለች ኋላ። "ቪየና አብረን ነበር የምንኖረው።"

እኔ ግን ከሱሪውም ከፀጉሩም በላይ ያየሁት ዓይኗን ነው። ዓይኗ አንድ ነበር። እሑድ እሑድ ሥላሴ ስንሳለም እትዬ በላይነሽ በግድግዳው ሥዕል ላይ ሰዎቹን እየጠቆመች አስተምራኛለች፦ ጻድቃን ፊታቸውን አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፣ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ጌታን የሰቀሉት፣ ይሁዳ፣ ሰይጣን ራሱ፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ግሬታም በጎን ነው የተነሣችው። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። ክፉ ናት። ያን ቀን ለግሬታ ያለኝ ጥላቻ ሃይማኖት ያዘዘው ስለመሰለኝ ምንም አላፈርኩበትም።

ከዚያ ወዲያ ግሬታ ቤታችን ገባች። ሻይ ሲፈላ፣ "ግሬታ ሻይ ያለ ስኳር ትወዳለች" ትላለች። ሹራቤ ሲተበተብ፣ "ግሬታም እንደዚህ ታበላሽ ነበር።" እኔ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ይዤ የሹራቡን ዙር ስሠራ ሲስተር ኤልሳ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታው ግን ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በራሴ ላይ አልፎ የሚሄድ ፈገግታ ነበር። አንድ ቀን የግሬታን ፎቶ ወስጄ በሚስማር ሁለተኛ ዓይን ልሥልላት አሰብኩ። ኋላ ደግሞ፣ ጻድቅ ላደርጋት ነው እንዴ ብዬ ተውኩት።

ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፒያሳ ፖስታ ቤት ገብቼ የሲስተርን ደብዳቤ ማምጣት የእኔ ሥራ ነበር። ፖስተኛው ስሜን ያውቀዋል። ጥቅምት ሲገባ ሲስተር ኤልሳ ጠራችኝና በጣቷ አየር ላይ እየሣለች ነገረችኝ። ረጅም ፖስታ ነው፤ ጥግ ላይ ሰማያዊ ማኅተም አለው። በፈረንጆቹ ጦርነት የጠፉ ሰዎችን ከሚፈልግ ቢሮ ይመጣል።

"እሱ ሲመጣ ግሬታ የት እንዳለች አውቃለሁ" አለች።

እትዬ በላይነሽ ጌሾዋን እያበጠረች "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች ቀስ ብላ። ጦርነቱ ካለቀ ዐሥር ዓመት አልፎታል። እኔ ይህን አላሰላሁም። የገባኝ አንድ ነገር ነው። ፖስታው ሲመጣ ግሬታ ትመጣለች፤ ካፖርቷን ትለብሳለች፤ ሲስተር ኤልሳን ይዛት ትሄዳለች። "ጥሩዬ የት አለች?" የሚለኝ አይኖርም።

ፖስታው በሁለተኛው ዓርብ መጣ። ረጅም፣ ሰማያዊ ማኅተም ያለው። ከፒያሳ እስከ ቤት ደረቴ ውስጥ ከትቼ ተጓዝኩ፤ ጥጉ እየወጋኝ። መንገድ ላይ ልቀደው ብዬ ነበር፤ ማኅተም መቅደድ ያሳስራል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ቤት ስደርስ ሲስተር ኤልሳ ከሥራ አልገባችም፤ በሯም አይቆለፍም። ሻንጣውን ጎተትኩ፤ ፖስታውን የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሻንጣው ከመስከረም እስከ መስከረም አይከፈትም። ግሬታ ከፈለገች እዚያው ከካፖርቷ ጋር ትጠብቅ አልኩ። ለሰው ያን ያህል ክፉ ሆኜ አላውቅም፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝም አያውቅም።

ስትመጣ "ደብዳቤ አለ?" አለችኝ።

"የለም።"

በሚቀጥለውም ዓርብ የለም። በሦስተኛውም። እያንዳንዱ "የለም" አፌ ላይ እየቀለለ ሄደ። እሷ ግን ጉንጯ እየገባ ሄደ። ዓርብ ሲሆን ከሥራ ቀድማ መምጣት ጀመረች፤ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች። ስታየኝ ፊቷ ይበራል። በዚህም በግሬታ ቀናሁ! ፊቷ የሚበራው ለእኔ አልነበረማ፤ በእጄ ይዣለሁ ብላ ለምትጠብቀው ደብዳቤ ነው።

አንድ እሑድ ጠዳ ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብሎ ሐኪም ቤቱ በማኪና ሲወስዳት እኔንም ይዛኝ ሄደች። ፊት ወንበር፣ ከሷ ጎን! አዘዞን ስናልፍ ያየኝ ልጅ ሁሉ በምቀኝነት እንዲሞት እየተመኘሁ ነበር። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች። ስንመለስ ሲስተር ኤልሳ ደክሟት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች። እንዳላነቃት ብዬ ዝንብ ፊቴ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ዝም አልኩ። የዚያን ዓመት ምርጥ ሰዓቴ ነበር። ጎንደር መግቢያ ላይ ስንደርስ በእንቅልፏ "ግሬታ" አለች። ትከሻዬን ነጠቅኳት። ራሷ ከመስኮቱ ጋር ተጋጨ።

ኅዳር ገባ። ውርጩ ጠና። አንድ ምሽት ምድጃ አጠገብ ሹራብ ስንሠራ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰማችና ፎጣዋን አለበሰችኝ። ፎጣውን ከትከሻዬ ገፋሁት።

"ካፖርት አለ አይደል? ለእኔ ፎጣ፣ ለሻንጣ ካፖርት!" አልኳት። "ደግሞ ምነው ጥላው ሄደች? ብዙ አላት እንዴ?"

ሲስተር ኤልሳ ሥራዋን ጭኗ ላይ አኖረች። እትዬ በላይነሽ ልትገሥጸኝ አፏን ስትከፍት በእጇ አስቆመቻት። ከዚያ ነገረችን፤ አማርኛ እየጠፋባት፣ እኔም አንዴም ሳልሞላላት።

"እኔና ግሬታ አይሁድ ነን" አለች።

የሥዕሉ ሰቃዮች ትዝ ብለውኝ አየኋት። ሁለት ዓይን አላት።

"ናዚ የሚባሉ ሰዎች አገሩን ያዙት። አይሁድ የሚባል እንዳይተርፍ ፈለጉ። ይሄ አንድ ነው። ደግሞ እኔና ግሬታ ባልና ሚስት እንደሚዋደዱት ነበር የምንዋደደው። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ። በአገሩ ሕግ ይሄም ያሳስራል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ነበር የምንደበቀው። ከናዚ እንደበቃለን፤ አብረውን ከሚደበቁትም እንደበቃለን።"

እትዬ በላይነሽ እንጨት መቆስቆስ አቆመች። 

"ታች ቤት አንዲት ጎረቤት ነበረች" አለች ሲስተር ኤልሳ። "ገበታችን ላይ ትበላ ነበር። ግሬታ ሹራብ ሠርታላታለች። እሷ ሄዳ ለናዚዎቹ ተናገረች።"

"ምን አድርጋችኋት?" አለች እትዬ በላይነሽ።

"ምንም። ብቻዋን ናት። በወለሉ በኩል ሳቃችንን ትሰማለች። ሳቃችን ከበዳት መሰለኝ።"

"ቅናት ነዋ!"

"ቅናት ነው።"

የያዝኩት ክር ከእጄ ወደቀ፤ ማንም አላየኝም።

"ያን ቀን ሐኪም ቤት አድሬ ነበር" አለች። "ንጋት ላይ መጡ አሉ። ብዙ ሆነው መጡ፤ በሩን በዱላ መቱት። እኔ ስመለስ በሩ ተከፍቷል። ደጁ በረዶ ነው፣ ሰው ይገድላል። ካፖርቷ በሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ያለ ካፖርት ነው የወሰዷት።" የሹራቡን ክር ጠቀለለች። "እኔን ሰዎች ጓዳቸው ደበቁኝ። ካፖርቱን ይዤ ነበር። አሁንም ይዤዋለሁ። ስትመጣ በርዷት ነው የምትመጣው።"

ዝም ብዬ መቀመጥ ሲያቅተኝ የማይረባ ነገር ጠየቅኩ። "ፎቶው ላይ ምነው በጎን ሆነች?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ምሽት ፈገግ አለች። "ፎቶ አንሺው ወደዚህ እዪ እያለ ይጮኻል። እኔ ከጎን ቆሜ ነበር። እሱን ትታ እኔን ታያለች።"

ያ ያላየሁት ሁለተኛው ዓይን ለካ እሷን እያየ ነበር። ቅናቴ ያን ጊዜ ይጠፋል ብላችሁ እንደሆነ አልጠፋም፤ ባሰ። እኔን እንደዚያ ያየኝ የለም። ግን ከቅናቴ ጎን ሌላ ነገር ተቀመጠ። ታች ቤት የምትኖረው ሴትዮ እኔ ነኝ።

በማግስቱ እትዬ በላይነሽን ገበያ ድረስ ተከትዬ ሄጄ ጌሾው ላይ እያለቀስኩ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ጆሮዬን ብቻ ይዛ ቤት አመጣችኝና ፖስታውን ከካፖርቱ ኪስ አስወጣችኝ።

"እሰጣታለሁ፣ ይቅርታ እላታለሁ" አልኩ።

"አርፈሽ ተቀመጪ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ወረቀት ምን ይዞ ይመጣል? ክፉ ከሆነ ሰው ብቻውን ቁሞ መርዶ አያነብም።"

ፖስታውን ነጠላዋ ሥር ከታ ሐኪም ቤት ወደሚሠራ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሄደች፤ ድሬሰሩ እያስተረጎመላት አስነበበችው። ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። የግሬታ ስም ከአንድ የሴቶች እስር ቤት መዝገብ ተገኝቷል። በተወሰደች በዓመቱ ሞታለች።

ሞታለች! ከሟች ጋር ነበር የተፎካከርኩት።

አገራችን ላይ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ሥራ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ በሩን ያንኳኳል፤ የሚወድቅ ከሆነ የሚይዘው ሰው እንዲኖር ነው። ሲስተር ኤልሳ ደግሞ ዘመድ የላትም። እትዬ በላይነሽ ሁለት ቀን ስትሮጥ ከረመች። ልጆቻቸውን ያዋለደችላቸውን ሴቶች ሁሉ ጠራች። "ምኗ ናት?" ብለው ሲጠይቋት "እህቷ" ትላለች። ማታ ትክ ብዬ ሳያት "ምን ታዪኛለሽ?" አለችኝ። "ነገሩን አልሰማሁትም፣ አልፈርድምም። ሰው ሲሞት የማውቀው ማልቀስ ነው።"

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ግቢው በሴት ተሞላ፤ ሁሉም ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ከፊት የጎረቤታችን ሽማግሌ አያ ተሰማ ቆመዋል። በሩ ላይ ደረሱና በዱላቸው ሦስት ጊዜ መቱት።

መልስ የለም። ደግመው መቱት።

"ተኝታ ነው" አለች አንዷ።

እኔ ግን ከውስጥ የሻንጣው መቆለፊያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ንጋት ላይ መጡ። ብዙ ሆነው መጡ። በሩን በዱላ መቱት። እኛ እዝነት ብለን ያደረግነው፣ አንድ ሳይቀር፣ ያንኑ ነበር።

ቤቱን ዞሬ ሮጥኩ። የኋላው መስኮት ተከፍቷል። ሲስተር ኤልሳ በባዶ እግሯ አንድ እግሯን አውጥታ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች። በሌሊት ልብሷ ላይ የግሬታን ካፖርት ደርባለች፤ እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። ዓይኗ አያየኝም። እግሯን ያዝኩ። ረገጠችኝ።

"ሲስተር! እኛ ነን!" ብዬ ጮኽኩ። "ጥሩዬ ነኝ! ሊወስዱሽ አይደለም፣ ሊያለቅሱልሽ ነው! ግሬታ ሞታለች!"

ሽማግሌ የሚናገረውን፣ ሁለት ቀን ሙሉ የተዘጋጀውን፣ እኔ መስኮት ሥር እንደዚያ ዘረገፍኩት። ሲስተር ኤልሳ ቆመች። ቀስ ብላ እኔን አየችኝ፤ በሁለቱም ዓይኗ። ከዚያ እላዬ ላይ ወረደች፤ ሁለታችንም አፈሩ ላይ ወደቅን፤ ሴቶቹ ጩኸቴን ሰምተው ሲደርሱ እንደያዝኳት ነበርኩ።

ልቅሶ ተቀመጠች። ካፖርቱን አውልቂ ያላት የለም። እትዬ በላይነሽ የጠራቻት አልቃሽ ጠጋ ብላ "የእህትሽን ስም ንገሪኝ፣ በስሟ ላልቅስላት" አለቻት። እትዬ በላይነሽ በድንጋጤ ቀና አለች። ሲስተር ኤልሳ "ግሬታ በይ። እኔን ደግሞ የግሬታ በይኝ" አለች። አልቃሿ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም። ትንሽ አሰበችና አወረደችው፦

አገሯ አመዳይ ነው፣ ደጁም ውርጭ አሉ፣
ካፖርቷ እዚህ ቀርቶ ምን አልብሰው ጣሉ?

ሲስተር ኤልሳ ቃሉን ሁሉ ሰማችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበተን እትዬ በላይነሽ ደብዳቤውን ሰጠቻት። "መርዶ ስለሆነ እኔ ይዤው ነበር። ይቅር በይኝ" አለች። ለእኔ ብላ ዋሸች። ሲስተር ኤልሳ ወረቀቱን አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ፖስታውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የሻንጣዋን ሽታ አሸተተች። ቀና ብላ አየችኝ።

እትዬ በላይነሽ ወጥታ ሄደች።

"ስንት ዓርብ?" አለች።

"አምስት።"

"ለምን?"

"ቀናሁ።" ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፤ አልነበረኝም። "ልትወስድሽ ነው ብዬ።"

እጆቿን አየሁ፤ ትመታኛለች አልኩ፤ እንድትመታኝም ፈለግሁ። ደብዳቤውን አጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው።

"አምስት ሳምንት" አለች ኋላ። "ግሬታን አምስት ሳምንት በሕይወት አቆየሽልኝ።"

ይቅርታ ይሁን ወቀሳ ዛሬም አላውቀውም። ፀሐይዋ ስትወርድ ውርጩ መጣ፤ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ሲስተር ኤልሳ ተነሣች። የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ አወለቀችው፤ ትከሻዬ ላይ አኖረችው። ከመስከረም ጀምሮ የተመኘሁት ነው። ከባድ ነበር። የሰውነቷ ሙቀት ገና ውስጡ አለ፤ ሽታው ያው ሽታ ነው። እጅጌው ከእጄ አልፎ መሬት ሊነካ ተንጠለጠለ።

አውልቄ መልሼ ሰጠኋት።

"አልበረደኝም" አልኳት፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ።